ዊንዶውስ 11 ከመጫናችሁ በፊት የድሮ ፕሮግራሞቻችሁንና ፋይሎቻችሁን እንዴት ትፈትሻላችሁ?

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ የጽሕፈት ሥራ የሚሠራ ወዳጅ አለኝ። ኮምፒውተሩን ፎርማት አስደርጎ ዊንዶውስ 11 ባስጫነ ማግስት አንድ ደንበኛ የድሮ ውሉን ፈልጎ መጣ። ፋይሉ ተከፈተ። የሚታየው ግን የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅ ነበር። በጣም ደነገጠ፤ የብዙ ዓመት ሥራው ነው።

ፋይሉ አልተበላሸም፤ የጠፋው ፎንቱ ነው። እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ያሉ የቆዩ ፎንቶች ፊደሎቻችንን በላቲን ፊደላት ቦታ ነበር የሚያስቀምጧቸው። ስለዚህ ፎርማት ከመደረጉ በፊት ሲ ድራይቭ ላይ ዊንዶውስ ውስጥ ያለውን ፎንትስ የሚባል ፎልደር ክፈቱ። የግዕዝ ፎንቶቹን በሙሉ ወደ ፍላሽ ቅዱ። ዋና ዋና ሰነዶችን ደግሞ እዚያው አሮጌው ሲስተም ላይ እያላችሁ በፒዲኤፍ አስቀምጡ። ከአሁን ወዲያ የምትጽፉትን በዩኒኮድ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን መለያ ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ አሠራር ጻፉ፤ ዊንዶውስ የራሱ የአማርኛ ኪቦርድ አለው።

ማሽኑ ይችል እንደሆነ ለማወቅ ፒሲ ሄልዝ ቼክ የሚባለውን የማይክሮሶፍት ፕሮግራም አውርዳችሁ አስነሱት። ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ማከማቻና ቲፒኤም 2.0 (የኮምፒውተሩ የደኅንነት ቺፕ) ያስፈልጋል። ቲፒኤም የለም ካላችሁ ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ፤ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ) ውስጥ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ ነገሩን ማዘግየት አልመክርም።

ቀጥሎ በየቀኑ የምትጠቀሙባቸውን ፕሮግራሞች ወረቀት ላይ ጻፉ። የሒሳብ ፕሮግራሙን፣ ፕሪንተሩን፣ ስካነሩን አትርሱ። ዊንዶውስ 11 ባለ 64 ቢት ብቻ ነው። ባለ 32 ቢት ፕሮግራሞች አብዛኛውን ጊዜ ይሠራሉ፤ ባለ 16 ቢቶቹ ግን አይነሱም። የፕሪንተር ድራይቨር (ዊንዶውስን ከፕሪንተሩ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) የግድ ባለ 64 ቢት መሆን አለበት። ከአምራቹ ድረ ገጽ አስቀድማችሁ አውርዱት።

ከተጫነ በኋላ አንድ ፕሮግራም እምቢ ካለ አይኮኑ ላይ ቀኙን ክሊክ አድርጉ፤ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ኮምፓቲቢሊቲ ግቡ። በዊንዶውስ 7 ወይም 8 ዓይነት እንዲሠራ ምረጡለት። ብዙ ጊዜ በዚህ ይፈታል።

ፎርማት ሳታደርጉ ያሳደጋችሁ ከሆነ ደግሞ ወደ ዊንዶውስ 10 የመመለሻ 10 ቀን አላችሁ፤ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ሪከቨሪ ውስጥ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ ሁሉንም ፈትሹ የምላችሁ በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ላፕቶፕ ከሆነ ሲጫን ባትሪው ሙሉ ይሁን፤ መብራት መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም።