ኤኤልኤስ ያለበት ሰው ቤት ውስጥ ሲኖር ትንፋሽ፣ አክታና ምግብ እንዴት እንደሚያዝ

ኤኤልኤስ ጡንቻን የሚያዙት ነርቮች እየሞቱ የሚሄዱበት በሽታ ነው፣ ሳምባው ራሱ አይደለም የሚታመመው፣ አየር የሚስቡት ጡንቻዎች ናቸው የሚደክሙት።

መጀመሪያ ሌሊቱን ተከታተሉ። በጀርባው ሲተኛ የሚያፍነው፣ ቶሎ ቶሎ የሚባንን፣ ጠዋት ራሱን እያመመው የሚነሳ ከሆነ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውስጡ እየተጠራቀመ ሊሆን ስለሚችል ራስጌውን ከፍ አርጉና ሀኪም ጋ ውሰዱት፣ ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ (ኦክሲሜትር) ደህና ቁጥር ቢያሳይ እንኳን አትዘናጉ ካርቦኑን አይለካም። የሚረዳው ባይፓፕ ነው፣ በማስክ አየር የሚገፋው ማሽን። እባካችሁ ትንፋሽ አጠረው ብላችሁ በራሳችሁ ኦክስጅን አትክፈቱለት፣ ካርቦኑን ሊያባብሰው ይችላል። ባይፓፕ ካገኛችሁ መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ አብራችሁ አስቡ።

ቀጥሎ አክታ፣ እዚ ጋ ብዙ ሰው ይቸገራል። ቀጭን ምራቅ እየተዝረበረበ ከሆነ ምራቁ በዝቶ ሳይሆን መዋጥ አቅቶት ነው፣ ሀኪም እንደ አሚትሪፕቲሊን ያለ መድሃኒት ሊያዝ ይችላል ግን እሱ ሲያደርቅ አክታውን ያወፍረዋል፣ ስለዚህ ቀጭን ምራቅ ይሁን ወፍራም አክታ ለይታችሁ ንገሩት። አክታው ወፍሮ ከተጣበቀ ፈሳሽ ጨምሩለት፣ በኔቡላይዘር (ፈሳሽን እንደ ጉም አርጎ በሚያስተነፍስ ማሽን) ሳላይን፣ ማለትም የህክምና የጨው ውሃ፣ ይሰጠው፣ ለማሳል አቅም ሲያጣ ደሞ አስቀምጣችሁ በደንብ አየር ያስገባና ሲያስል ከጎድን አጥንቱ ስር በመዳፍ ወደ ውስጥና ወደ ላይ ትገፋላችሁ፣ ይሄን ግን ጎንደር አካባቢ ከሆናችሁ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ፊዚዮቴራፒስት (የአካል እንቅስቃሴ ህክምና ባለሙያ) ስላለ መጀመሪያ እጃችሁን ይዞ ያሳያችሁ፣ ምግብ እንደበላም አይሞከርም። አፍ ውስጥ የቀረውን ሳክሽን ማሽን ይስባል። ጭሱ እንዳያስቸግረው ቡናው ሲፈላ ከሰሉና እጣኑ ውጪ ይሁን።

ምግብ ላይ ትን የሚለው ከወፍራም ይልቅ ውሃ ነው። አጥሚት፣ እርጎ፣ የተፈጨ አቮካዶ፣ የተጣራ ተልባ ጥሩ ናቸው፣ ገንፎ ለስለስ ካላለ ጉሮሮ ላይ ይጣበቃል፣ ቆሎና ደረቅ ዳቦ ይቅር፣ በርበሬም ያስለዋል። ቀጥ ብሎ ተቀምጦ አገጩን ወደ ደረቱ ዝቅ አርጎ በትንሽ በትንሹ ይዋጥ፣ እየበላ አታስወሩት፣ ከበላ በኋላም 30 ደቂቃ ሳይተኛ ይቆይ። ክብደት መቀነስ ለዚህ በሽታ በጣም መጥፎ ስለሆነ ቅቤ አትሰስቱበት፣ ሁዳዴ ሲገባም ንስሐ አባቱን አስቀድማችሁ አናግሩለት፣ እጾማለሁ ካለ ዘይትና የለውዝ ቅቤ አጥሚቱ ውስጥ ይግባ። መብላቱ ሰዓት እየፈጀ ኪሎው እየወረደ ከሄደ በሆድ በኩል ጨጓራ ውስጥ የሚገባውን የምግብ ቱቦ ጠይቁ፣ እሱም ትንፋሹ በጣም ሳይደክም በፊት ነው መደረግ ያለበት፣ ከዘገየ ሂደቱ ራሱ ያሰጋል።