ፓርኪንሰን ያለበትን ሰው በካሜራ ስትቀርጹ እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

አባቴ ፓርኪንሰን የሚባለው፣ እንቅስቃሴን የሚያዘገየው የአንጎል በሽታ እንዳለበት የሰማን ሰሞን ስልኬ በእሱ ቪዲዮ ተሞላ። እጁን ቀረጽኩ፣ አካሄዱን ቀረጽኩ፣ ሲበላም ቀረጽኩ። ቀጠሮው ደርሶ ዶክተሯ ፊት ስልኩን ስከፍት ግን ከዚያ ሁሉ ውስጥ እሷን የረዳት 1 ቪዲዮ ብቻ ሆነ። የቀረው ወይ ጨለማ ነው፣ ወይ እግሩ ከምስሉ ውጪ ቀርቷል፣ ወይ በስንት ሰዓት እንደተቀረጸ አላውቅም። በጣም ነበር የቆጨኝ። እናንተ እንዳትደግሙት ነው ይህን የምጽፈው።

በነገራችን ላይ ይህ በሽታ መጀመሪያ የተለየው በዓይን ነው። ጄምስ ፓርኪንሰን የተባለው የለንደን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1817 በሽታውን ሲገልጽ የጻፈው ስለ 6 ሰዎች ሲሆን፣ አንዳንዶቹን ያገኛቸው እንዲሁ መንገድ ላይ ነው። ዛሬ ያንን ዓይን የሚያግዙ ፕሮግራሞች አሉ። ለምሳሌ ሚዲያፓይፕ የሚባለው የጉግል ፕሮግራም ከተራ የስልክ ቪዲዮ ላይ የአንድ እጅ 21 ነጥቦችን ለይቶ ይከተላል። በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት ጫፍ መካከል ያለው ርቀት በየፍሬሙ፣ ማለትም ቪዲዮውን በሚሠሩት በእያንዳንዱ ነጠላ ምስል ላይ ሲለካ፣ ጣቶቹ በምን ፍጥነት እንደሚከፈቱ፣ ምን ያህል እንደሚከፈቱና የት ላይ እንደሚደክሙ በቁጥር ይወጣል። ልዩ ካሜራ አያስፈልግም። ቪዲዮው ከተበላሸ ግን ቁጥሩም አብሮ ይበላሻል።

የመጀመሪያው ስህተት ካሜራው በሽታውን ያየዋል ብሎ ማሰብ ነው። ካሜራ የሚያየው እንቅስቃሴን ነው። የእጅ መዘግየት ከመገጣጠሚያ ሕመም ሊመጣ ይችላል፣ ከድባቴም ሊመጣ ይችላል። ለማቅለሽለሽ የሚሰጠው ሜቶክሎፕራማይድና እንደ ሃሎፐሪዶል ያሉ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶችም ፓርኪንሰን የሚመስል ነገር ያመጣሉ። ከፓርኪንሰን ጋር የማይገናኝ የእጅ መንቀጥቀጥም አለ። ደግሞ ከዋናዎቹ ምልክቶች አንዱ የሆነው የጡንቻ መገተር በቪዲዮ አይለካም፤ ሐኪሙ ክንዱን ይዞ ማጠፍና መዘርጋት አለበት። ስለዚህ አንድ አፕ «ፓርኪንሰን አለብህ» ወይም «የለብህም» ካለ አትመኑት። የካሜራ ጥቅም ያንኑ ሰው ከራሱ ጋር ማወዳደር ላይ ነው። የዛሬ ወር እጁ እንዴት ነበር፣ አሁንስ?

ሁለተኛው፣ መንቀጥቀጡን ብቻ ማሳደድ። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ግን ፓርኪንሰን ኖሮባቸው ጭራሽ የማይንቀጠቀጡ ሰዎች አሉ። ሐኪሞች አጥብቀው የሚፈልጉት መዘግየቱን ነው፣ በተለይ እየቀነሰ የሚሄደውን። አውራ ጣቱንና ጠቋሚ ጣቱን በተቻለው መጠን በሰፊውና በፍጥነት 10 ጊዜ እንዲያነካካ ጠይቁት። መጀመሪያ ላይ ጣቶቹ ሰፋ ብለው ይከፈታሉ፣ ከዚያ ክፍተቱ እየጠበበ ይሄዳል፣ መሀል ላይ ቆም የሚልበት ጊዜም አለ። ምልክቱ ያለው እዚያ መጥበብና መቆም ውስጥ ነው። 3 ሴኮንድ ቀርጾ ማቆም የሚጎዳው ለዚህ ነው፣ ምክንያቱም በ3 ሴኮንድ ውስጥ እጁ ገና አልደከመም። እስኪጨርስ ጠብቁ፣ ከዚያ ሌላኛውን እጅ ቅረጹ። በሽታው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ጎን ስለሚጀምር ልዩነቱ ራሱ መረጃ ነው።

መንቀጥቀጡን ስትቀርጹም ቦታውን አትሳቱ። የፓርኪንሰን መንቀጥቀጥ በዋናነት የሚታየው እጅ ሲያርፍ ነው። አባቴ ኩባያ ለማንሳት እጁን ሲዘረጋ ቀረጽንና «ዛሬ እኮ አልተንቀጠቀጠም» አልን። ሲንቀሳቀስ ሊጠፋ እንደሚችል የነገረን አልነበረም። እጁ ጭኑ ላይ እንደ ልቡ ይረፍ፣ እናንተ ደግሞ ከ100 ጀምሮ በየጊዜው 7 እየቀነሰ ወደ ታች እንዲቆጥር ጠይቁት። ሐሳቡ ወደ ቁጥሩ ሲሄድ ተደብቆ የነበረው መንቀጥቀጥ ብዙ ጊዜ ብቅ ይላል። እጆቹን ወደ ፊት ሲዘረጋም መንቀጥቀጡ ጠፍቶ ከጥቂት ሴኮንዶች በኋላ ሊመለስ ይችላል፣ ስለዚህ ካሜራውን ቶሎ አታጥፉ።

ብርሃን። ይህን ሰው ይንቀዋል። ይህ መንቀጥቀጥ አብዛኛውን ጊዜ በሴኮንድ ከ4 እስከ 6 ጊዜ የሚመላለስ ነው። ስልክ በሴኮንድ 30 ፍሬም ሲቀርጽ እሱን ለመቁጠር ይበቃል፣ 60 ከሆነ ደግሞ ለፈጣን የጣት እንቅስቃሴ የተሻለ ነው። ክፍሉ ደብዘዝ ሲል ግን ስልኩ ብርሃን ለማግኘት ብሎ እያንዳንዱን ፍሬም ያረዝመዋል፣ አንዳንዱ ስልክ የፍሬሙን ብዛት ራሱ ይቀንሳል፣ እናንተ ሳታውቁ። ያኔ ጣቶቹ ጭስ ይመስላሉ፣ ፕሮግራሙም የጣቱን ጫፍ የት እንዳለ ይገምታል እንጂ አያየውም። መስኮት አጠገብ አስቀምጡት፣ ብርሃኑ ከፊት ይምታው እንጂ ከጀርባው አይምጣ።

ስሎው ሞሽን ደግሞ የባሰ ወጥመድ ነው። ጥርት ብሎ እንዲታይ ብለን በስሎው ሞሽን እንቀርጽና ያንኑ ለሐኪሙ እንልካለን። የእንቅስቃሴ መዘግየትን ለሚፈልግ ሰው የተዘገየ ቪዲዮ መላክ ማለት ነው! በተራው ፍጥነት ቅረጹ።

የሰልፊውን ካሜራም ተዉት። ብዙ ስልኮች ላይ እንደ መስታወት ስለሚገለብጥ ቀኙ ግራ ሊሆን ይችላል። ቪዲዮው መጀመሪያ ላይ «ቀኝ እጅ» ብሎ ጮክ ማለት ጥርጣሬውን ያጠፋዋል። ፊት የሚያለሰልሰውን ፊልተርም አጥፉ፤ የፊት ገጽታ መቀዝቀዝና የዓይን መርገብገብ መቀነስ ራሳቸው ምልክቶች ናቸው።

ስልኩን በእጃችሁ አትያዙ። የእናንተ እጅ ሲወዛወዝ ማን እየተንቀጠቀጠ እንደሆነ አይለይም። በመጽሐፍ ክምር አስደግፉት፣ ይበቃል። ጣት ሲነካካ ክፍተቱ በጎን ይታይ፤ ጣቶቹ ወደ ካሜራው ከጠቆሙ ክፍተቱ ይሸፈናል። አካሄድ ስትቀርጹ ከራስ እስከ ጫማ ይግባ። ከጎን ሲታይ የእርምጃው ርዝመት፣ ከፊት ሲታይ የትኛው ክንድ እንደማይወዛወዝ ይለያል። ሲዞር ደግሞ በፍጹም አትቁረጡት። እግር መሬት ላይ የሚጣበቀው ብዙ ጊዜ ሲዞሩ ወይም በር ላይ ሲደርሱ ነው።

እኔን ከሁሉም በላይ ያሳሳተኝ ግን ሰዓቱ ነው። ሌቮዶፓ የሚባለውን ዋናውን የፓርኪንሰን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ኪኒኑ ሲሠራና ኃይሉ ሲያልቅ ሁለት የተለያየ ሰው ይመስላል። አንድ ማክሰኞ ከኪኒኑ በፊት የቀረጽኩትን ከሳምንት በፊት ከኪኒኑ 1 ሰዓት በኋላ ከቀረጽኩት ጋር አወዳድሬ፣ በሽታው በአንድ ሳምንት እንዲህ ባሰበት ብዬ ሌሊቱን ሙሉ ሳልተኛ አድሬያለሁ። ለካ ምንም አልተለወጠም ነበር። ቪዲዮው ላይ የመጨረሻውን ኪኒን በስንት ሰዓት እንደወሰደ ካልተናገራችሁ ወይም ካልጻፋችሁ፣ ቪዲዮው ምን ቢጠራ ለማወዳደር አይሆንም። አደራ፣ ያለ መድኃኒት ምን እንደሚመስል ለመቅረጽ ብላችሁ ኪኒን አታስቀሩ። ሌቮዶፓን በድንገት ማቋረጥ ለሕይወት የሚያሰጋ ሁኔታ ሊያመጣ ይችላል።

ሐኪሞች ታማሚውን ከኋላ ቆመው ትከሻውን ወደ ኋላ ሳብ በማድረግ ሚዛኑን ይፈትናሉ። እሱንም ቤት ውስጥ አትሞክሩት። ሰው ይወድቃል። ምልክቱ በድንገት ከመጣ፣ ማለትም አንድ ጎን ካልታዘዘ፣ አፍ ከጠመመ ወይም ንግግር ከተሳሰረ፣ መቅረጹን ትታችሁ ወደ ድንገተኛ ሕክምና ሂዱ። ስትሮክ ሊሆን ይችላል።

ሌላው፣ «እስቲ ጎበዝ፣ ቀጥ ብለህ ሂድ» አትበሉ። ሰው ሲታይ ይበረታል። ቤት ውስጥ በር ላይ ድርቅ ብሎ የሚቀር ሰው ዶክተር ፊት እንደ ወታደር ይራመዳል። ካሜራው በርቶ ትንሽ ይቆይና ወሬ ጀምሩ፣ ሲረሳው ትክክለኛው ይመጣል። ይህ ማለት ግን በድብቅ ቅረጹ ማለት አይደለም። ፈቃዱን ጠይቁ፣ በየጊዜው። አባቴ አንዳንድ ቀን «ዛሬ ይቅርብኝ» ይላል፣ ይቀራል። ቪዲዮውን ወደ ቤተሰብ ግሩፕ አትልቀቁት። አፕ ስትጭኑም ቪዲዮው የት እንደሚቀመጥ አንብቡ፤ ፊቱና አካሄዱ ማንነቱን ይናገራሉ።

ለሐኪም በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ ስትልኩ ደግሞ እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፣ አለዚያ ተጨምቆ ጣቶቹ ይደበዝዛሉ።

አሁን እኛ በየወሩ መጀመሪያ ያንኑ ወንበር ያንኑ መስኮት ጋ እናስቀምጣለን። አንዴ ከጠዋቱ ኪኒን በፊት፣ አንዴ ከ1 ሰዓት በኋላ፣ አንዴ ደግሞ የሚቀጥለው ኪኒን ሊደርስ ሲል እንቀርጻለን። ባለፈው ቀጠሮ ዶክተሯ ሦስቱን አከታትላ አየቻቸው። ሦስተኛው ቪዲዮ ላይ ጣቶቹ 6ኛው ንክኪ ላይ ሲቆሙ መልሳ ከፈተችው። ከዚያ የኪኒኖቹን ሰዓት አቀራረበችልን።