ራስ ሲያዞር፣ ጉልበት ሲከዳ፦ ስኳር ወርዶ ነው ወይስ ደም አንሶ?

በእኛ በወሎ «ደም አነሰኝ» የሚለው ቃል ብዙ ሸክም ይሸከማል። ብረት ያጠራትም፣ የደም ግፊቷ የወረደባትም፣ ቁርስ ሳትቀምስ ሰኞ ገበያ ወርዳ ስኳሯ የቀነሰባትም «ደም አነሰኝ» ትላለች። ጎረቤት ደግሞ ለሁሉም አንድ መድኃኒት ያዝዛል፤ ቀይ ሥር። እኔም ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ በኋላ ለወራት ቀይ ሥር ስበላ፣ ጭማቂውንም ስጠጣ ከረምኩ። ቀይ ሥር መልካም ምግብ ነው። ደም የሚያስመስለው ግን መልኩ እንጂ ብረቱ አይደለም፤ በ100 ግራም ውስጥ 1 ሚሊግራም ብረት እንኳን አይሞላም።

በዚያው ዓመት እናቴ የስኳር ክኒን ጀምራ ነበር። እሷም ያዞራት ነበር፤ እኔም ያዞረኝ ነበር። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ቃል እያሰማ፣ በሽታው ግን የተለያየ መሆኑን ያወቅነው ዘግይተን ነው። እናንተ እንዳትዘገዩ ይህን ጻፍኩ።

መጀመሪያ ሰዓቱን ተመልከቱ

ለሦስት ቀን ያህል ማዞሩ የመጣበትን ሰዓት፣ ከዚያ በፊት የበላችሁትን እና ምን ስታደርጉ እንደነበር ጻፉ። ከብዙ ግምት ይህ ይሻላል።

ስኳር ሲወርድ ድንገት ነው። እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ቀዝቃዛ ላብ ይመጣል፣ ልብ ይመታል፣ ረሃቡ አያስችልም፣ ሰውየው ያለ ምክንያት ይቆጣል ወይም ንግግሩ ይዘበራረቃል። ምግብ በዘገየበት ሰዓት ይመጣል፤ ጣፋጭ ነገር ሲቀመስ በሩብ ሰዓት ገደማ ይለቃል።

የብረት ማነስ ግን መጥቶ የሚሄድ አይደለም። ጠዋትም ማታም አለ። ሜዳ ላይ ዝም ይልና ዳገት ላይ ይጋለጣል፤ ድሮ ሳያርፉ ይወጡት የነበረው አቀበት ሁለት ሦስት ጊዜ ያስቆማል። ቢበሉም አይለቅም።

ከመኝታ ወይም ከስግደት ቀና ሲሉ ብቻ ዓይን የሚጨልም ከሆነ ብዙውን ጊዜ ጉዳዩ የግፊት ነው። ውኃ ጠጡ፣ ቀስ ብላችሁ ተነሡ፣ ግፊታችሁን ተለኩ። የግፊት ክኒን የምትወስዱ ከሆነ ለሐኪማችሁ ንገሩ።

ምልክት፦ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሲንቀጠቀጥና ላብ ሲያጠምቀው

አንድ ቀን ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ እናቴ ቡና ስትቀዳ የጀበናው አፍ ከሲኒው ጠርዝ ጋር ቀጭ ቀጭ ሲል ሰማሁ። እናቴ በቡና አቀዳዷ የምትታወቅ ሴት ናት፤ ጠብታ አታፈስም። ቀና ብዬ ሳያት የላይኛው ከንፈሯ ላይ ላብ አቸፍችፏል። «ምን ሆንሽ እማዬ?» ስላት ስሜን ትታ በእህቴ ስም ጠራችኝ። ጣቷን ወግተን ስኳሯን ስንለካ 58 ሚሊግራም በዴሲ ሊትር ሆነ።

ምክንያቱ ተራ ነበር። ጠዋት ክኒኗን ውጣ ለቅሶ ቤት ሄደች፤ እዚያ ቡና እንጂ እህል ሳትቀምስ ዋለች። ኢንሱሊንና እንደ ግሊቤንክላማይድ ያሉ ክኒኖች ምግብ ተበላም አልተበላም ስኳር ያወርዳሉ። ሜትፎርሚን ብቻውን ሲወሰድ ግን እንዲህ ማድረጉ እምብዛም ነው። ስለዚህ የምትውጡትን ክኒን ስም ማወቅ አለባችሁ፤ «ነጯ ክኒን» አይበቃም።

መፍትሄው፦ መለኪያው ከ70 በታች ካሳየ፣ መለኪያ ከሌለም ምልክቱ ብቻ በቂ ነው፣ 15 ግራም ያህል ፈጣን ስኳር ስጡ። ሦስት የሻይ ማንኪያ ሙሉ ስኳር በውኃ በጥብጦ፣ ወይም አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር፣ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ለስላሳ መጠጥ ይሆናል። ስኳር አልባ የተባለው ለስላሳ አይሠራም። 15 ደቂቃ ጠብቃችሁ እንደገና ለኩ፤ ካልወጣ ድገሙ። ሲወጣ እህል ይብላ፤ እንጀራ በሽሮ፣ ዳቦ ከእንቁላል ጋር፣ ያለውን። በዚያች ሰዓት ጭኮ አታቅርቡ። ጭኮ የከበረ ስንቅ ነው፤ ቅቤው ግን ምግቡን ሆድ ውስጥ ስለሚያዘገየው ስኳሩ ወደ ደም ቶሎ አይደርስም።

ሰውየው ራሱን ከሳተ ወይም መዋጥ ካቃተው በአፉ ምንም አታፍስሱ፤ ወደ ሳንባው ይገባል። በጎኑ አስተኝታችሁ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ሌላም አንድ ነገር፦ ግሊቤንክላማይድ ከሰውነት ቶሎ አይወጣም። ስኳሩ ከተስተካከለ በኋላ ተመልሶ ሊወርድ ስለሚችል፣ በተለይ አረጋውያንና ኩላሊታቸው የደከመ ሰዎች ቢያንስ ለአንድ ቀን ሰው ከጎናቸው ይሁን፣ ሌሊትም ይለኩ፤ ሐኪምም ይያቸው።

ከዚያ ቀን ወዲህ እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ስኳር ቋጥራ ትወጣለች። ለቅሶም ሆነ ሠርግ ስትሄድ «ክኒን ውጫለሁ፣ እህል ልቅመስ» ማለትን ለመደች፤ አሳፋሪ አይደለም።

ምልክት፦ በጾም ወራት ከቀትር በኋላ መዝለፍለፍ

ይህ በወሎ የመስጊዱም የቤተ ክርስቲያኑም ጉዳይ ነው። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ክርስቲያንም፣ እስከ መግሪብ የሚጾም ሙስሊምም ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ ከሆነ ጾሙ ከመግባቱ ከአንድ ወይም ከሁለት ወር በፊት ሐኪሙን ያማክር፤ መጠኑና ሰዓቱ መቀየር አለበት። በራስ ፈቃድ ክኒን መዝለል ደግሞ ስኳሩን ወደ ላይ ይሰቅለዋል። ቁርኣን በሱረቱል በቀራህ ለታመመ ሰው በሌላ ቀን እንዲጾም ፈቅዷል፤ የንስሐ አባትም ለታመመ ልጃቸው ጾሙን ያቀሉለታል። ሄዳችሁ ጠይቁ። የሚጾም ሰው ሱሁሩን ወደ ንጋት ያስጠጋ፤ በጾም መካከል ስኳሩ ከ70 በታች ከወረደ ደግሞ አንድ ሰዓት ብቻ ቢቀረው እንኳን በዚያው ቅጽበት ያፍርስ። ጣት መውጋት ጾም እንደማያፈርስ የሃይማኖት አባቶችም ይናገራሉ፤ ያን ፈርቶ ሳይለካ የሚውል ሰው ስለማውቅ ነው ይህን የምለው።

ምልክት፦ የስኳር በሽታ የለብኝም፤ ግን ከረፋዱ 4 እና 5 ሰዓት ላይ እንቀጠቀጣለሁ

ቁርሳችሁን መርምሩ። አራት ማንኪያ ስኳር ያለው ሻይና ነጭ ዳቦ ብቻ ከሆነ ስኳሩ ቶሎ ይወጣል፣ ኢንሱሊኑም ተከትሎ ይበዛል፣ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ቁልቁል ይወርዳል። ስኳር መጨመር ለጊዜው ያነሣል፤ ከዚያ ደግሞ ይጥላል።

መድኃኒቱ ደጋው ውስጥ ሞልቷል። ገብስ ቀስ ብሎ የሚፈጭ እህል ነው። ቆሎውን ከሽምብራ ጋር ቀላቅሉት፤ በሶውን ስኳር ሳታበዙ በጨው በጥብጡት፤ ከዳቦው ጋር እንቁላል ወይም ጥቂት የባቄላ ፉል ይኑር። በቆላው የማሽላ እንጀራ በሽሮ ቁርስ ይሁን። ያም ሆኖ ካልተወ፣ ወይም ምልክቱ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ከሆነ ተመርመሩ።

በባዶ ሆድ አረቄ የሚጠጣ ሰው ልዩ አደጋ አለበት፤ ጉበት አልኮሉን ሲያስተናግድ ስኳር ማውጣቱን ይተዋል፤ «ሰክሮ ነው» ተብሎ የተተወ ሰው ስኳሩ ወርዶ ሊሆን ይችላል። ጫትም የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፤ የሚቅም ሰው በልቶ ይጀምር፣ ማታም ባይርበው ይብላ።

ምልክት፦ የማይለቅ ድካም፣ የገረጣ ዓይን፣ አፈር የማሰኘት አምሮት

እኔ የተጋለጥኩት በመስኮት ብርሃን ነው። አንዲት ነርስ የታችኛውን የዓይኔን ቆብ በአውራ ጣቷ ወደ ታች ሳብ አድርጋ «እይው» ብላ መስታወት ሰጠችኝ። ቀይ መሆን የነበረበት ሥጋ የታጠበ ጨርቅ መስሏል። ከዚያ «አፈር ያሰኝሻል?» አለችኝ። ዝናብ የመታው የግድግዳ ጭቃ ሽታ ምራቄን ያስውጠኝ እንደነበር ለማንም አልተናገርኩም ነበር። ይህ አምሮት የብረት ማነስ የታወቀ ምልክት ነው፤ የሚበላው አፈር ደግሞ ብረቱን ይዞ ያስቀራል፣ የትል እንቁላልም ሊያስገባ ይችላል። የተሰነጠቀ የከንፈር ጥግ፣ የሚያቃጥል ምላስ፣ እንደ ማንኪያ የጎደጎደ ጥፍር ከታየ በዚሁ መዝግቡት።

ሲመረመሩ ቁጥሩን ጠይቁ። የሄሞግሎቢን (የደም ማነስ የሚለካበት ቁጥር) ወሰን እርጉዝ ላልሆነች ሴት 12፣ ለወንድ 13 ግራም በዴሲ ሊትር ነው፤ ይህ ግን በባሕር ወለል ላይ ላለ ሰው ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በዚህ ከፍታ የሰው ደም በተፈጥሮው ስለሚወፍር ወሰኑ ከ1 ግራም በላይ ከፍ ይላል። «12 ነሽ፣ ደህና ነሽ» የተባለች የደጋ ሴት ደህና ላትሆን ትችላለች። የብረት ክምችትን የሚያሳየው ምርመራ ፌሪቲን ይባላል።

«ጤፍ እየበላሁ እንዴት ብረት ያንሰኛል?»

ይህን ጥያቄ እኔም ጠይቄአለሁ። ጤፍ ብረት አለው። ነገር ግን አውድማ ላይ በበሬ ኮቴ ሲወቃ ከሚለካው ብረት አንዱ ክፍል የአፈሩ ነው፤ የአፈር ብረት ለሰውነት እምብዛም አይጠቅምም። የእህሉ የራሱ ብረትም ፋይቴት በሚባል ነገር ታስሯል። ማሰሪያውን የሚፈታው እርሾው ነው። ስለዚህ በደንብ የቦካ እንጀራ ከአፍለኛው ይሻላል። ባቄላና ሽምብራም ሲበቅሉ እንዲሁ ይፈታሉ፤ ጉንቁል የጾም ቀን ምግብ ብቻ መሆኑ ይቆጨኛል፣ በየሳምንቱ ሊኖር የሚገባ ነው።

ትልቁ ሌባ ግን ቡናው ነው። ምሳ እንደተነሣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ቡናና ሻይ ከእህል የሚገኘውን ብረት ይይዙታል፤ ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ከግማሽ በላይ ያስቀራል፣ ቡናም ብዙ ይወስዳል። ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት መቆየት እንኳን ከማዕድ ጋር ከመጠጣት ብዙም አይለይም። ከምግብ አንድ ሰዓት በፊት የተጠጣ ቡና ግን አይነካውም። ቡና ተዉ አልልም፤ በወሎ ቡና ማለት ጎረቤት ማለት ነው። ሰዓቱን ቀይሩት። እኛ ቤት ምሳ 6 ሰዓት ተኩል ይበላል፣ ቡናው 9 ሰዓት ይፈላል፤ ጎረቤቶቻችን በሳምንቱ ለመዱት።

በቡናው ቦታ ማዕዱ ላይ ኮምጣጣና ጥሬ ነገር አስቀምጡ። ምስር ወጡ ላይ ሎሚ ይጨመቅ፣ ጥሬ ቲማቲምና ቃሪያ ይቆረጥ። የተሁለደሬና የወረባቦ ብርቱካን በተገኘበት ወቅት ከምግብ ጋር ብሉ፤ ዘይቱን (ጉዋቫ) እና ፓፓያም ያው ናቸው። አንድ ብርጭቆ ያህል የተቀቀለ ምስር 6 ሚሊግራም ገደማ ብረት አለው፤ ሎሚው ነው ወደ ደም የሚያስገባው። ጎመንም እንደዚሁ፤ በብዙ ውኃ ቀቅላችሁ ውኃውን አትድፉት።

ከሥጋ የሚገኘው ብረት ይበልጥ ይሰርጻል። ትንሽ ቀይ ሥጋ ሽሮው ውስጥ ቢገባ የሽሮውን ብረት ጭምር ያስገባል። ጉበት ከሁሉ ይበልጣል፤ እርጉዝ ሴት ግን አትብላ፣ ቫይታሚን ኤ በዝቶ ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል። ጥሬ ሥጋ ከተጠበሰው የበለጠ ብረት አይሰጥም፤ ኮሶ ግን ሊሰጥ ይችላል። የሐይቅ ቆሮሶ ዓሣ ብረቱ አነስተኛ ቢሆንም ከባቄላና ከምስር ጋር ሲበላ የእነሱን ያግዛል።

ስለ ድስቱም ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ፣ በትግራይ የተካሄደ ጥናት፣ ምግባቸው በብረት ድስት የተሠራላቸው ሕፃናት በአልሙኒየም ድስት ከተሠራላቸው ይልቅ ደማቸው የተሻለ እንደሆነ አሳይቷል። ቲማቲም ያለበትን ወጥ በብረት ድስት መሥራት ቀላል ነገር ነው።

ምልክት፦ እበላለሁ፣ ክኒኑንም ጀምሬአለሁ፣ ደሜ ግን አይወጣም

አንዴ ከወረደ ምግብ ብቻውን ቶሎ አይመልሰውም፤ ክኒኑ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ክኒኑን በሻይ ይውጠዋል፤ በውኃ ወይም በብርቱካን ጭማቂ ዋጡት፣ ወተትም አታስከትሉ። ሰገራ ቢጠቁር ከክኒኑ ነው። ሆድ ከነካ ከጥቂት ምግብ ጋር ወይም ቀን ዘሎ መውሰድ ይቻል እንደሆነ ጠይቁ እንጂ አትተዉት። ደሙ ከተስተካከለ በኋላም ክምችቱ እስኪሞላ ሦስት ወር ያህል ይቀጥላል። ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ፤ ጥቂት ፍሬ ሕፃን ሊገድል ይችላል።

ከወር በኋላ ሄሞግሎቢኑ 1 ግራም እንኳን ካልጨመረ ክኒኑ በትክክል ካልተወሰደ በቀር የሚያፈስ ቀዳዳ ወይም ሌላ ምክንያት ሊኖር ይችላል። የወር አበባ መብዛት፣ በባዶ እግር የሚገባው መንጠቆ ትል፣ በቆላው ወባ፣ የጨጓራ ቁስለት። ክኒን ሳይጀምሩ ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰው፣ እንዲሁም ደሙ ያነሰ ወንድ ወይም ማረጥ ያለፋት ሴት ሳይመረመሩ ክኒን ብቻ ይዘው አይመለሱ።

ሁለቱም ችግር ያለበት ሰው ደግሞ ይህን ለሐኪሙ ያስታውስ፦ የብረት ማነስ የሦስት ወሩን የስኳር ምርመራ፣ ኤችቢኤዋንሲ የሚባለውን፣ ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። ያን ቁጥር ብቻ ተመልክቶ መድኃኒቱ ቢጨመር ስኳሩ ይወርዳል። በጣት የተለካውን የየቀኑን ቁጥር በደብተር ጽፋችሁ ውሰዱ፤ ሁለቱ ካልተስማሙ የመድኃኒቱ መጠን ከመቀየሩ በፊት የደም ማነሳችሁ ይታይ።