ሳፋ ውስጥ የገባው ስልክ እንዴት ተረፈ

የእህቴ ሳምሰንግ ልብስ የተዘፈዘፈበት ሳፋ ውስጥ ገባ። ሲወጣ ስክሪኑ አልጠፋም ነበር። «ይሰራል እኮ!» ብላ ልትደውልበት ስትል ተቀብዬ አጠፋሁት። ስልክን ቶሎ የሚገድለው ውሃና ኤሌክትሪክ ሲገናኙ ነው። ውስጡ ያለው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ (ቦርዱ) ሾርት ያደርጋል፣ ዝገቱም ይፈጥናል። ቻርጀር መሰካትማ ጨርሶ አይሞከርም።

ከቨሩን አወለቅኩ፣ ሲሙንና ሚሞሪውን አወጣሁ፣ በንጹህ ጨርቅ ጠረግኩት። የቻርጀር ቀዳዳውን ወደ ታች አድርጌ መዳፌ ላይ ቀስ እያልኩ መታ መታ ሳደርገው አረፋ ያለው ጠብታ ወጣ። ያሳሰበኝ ይሄ ሳሙና ነው። ውሃው ቢደርቅም እሱ ውስጥ ይቀራል።

እናቴ «ሩዝ ውስጥ ቅበሩት» አለች። ብዙ ሰው የሚያደርገው ነው፣ ግን ዱቄቱና ስብርባሪው ቀዳዳ ውስጥ ይገባል። አፕልም ለደንበኞቹ ሩዝ አትጠቀሙ ይላል። የፀጉር ማድረቂያም አልተጠቀምንም፤ ሙቀቱ ጀርባውን አሽጎ የያዘውን ማጣበቂያ ያላላል፣ ባትሪውንም ይጎዳል። ቬንትሌተር ፊት አቁመነው አደረ።

ጠዋት ሳንከፍተው ለጠጋኝ ሰጠነው። ጀርባውን ሲፈታ የቻርጀር መሰኪያው ጥርሶች ላይ አረንጓዴ ዝገት ጀምሯል። ባትሪውን ነቅሎ ቦርዱን ለኤሌክትሮኒክስ ማጽጃ በሚሆን 99% አይሶፕሮፒል አልኮልና በለስላሳ ብሩሽ አጸዳው። አልኮሉ ሳሙናውን አንስቶ ራሱ ይተናል። በደንብ ከደረቀ በኋላ ተከፈተ፣ ቻርጅም ያዘ።

መጀመሪያ ያደረግነው ፎቶዎቹን ኮምፒውተር ላይ መገልበጥ ነው። ዝገት ቆይቶም ሊመጣ ይችላል። ጀርባው አንዴ ስለተፈታም ውሃ ይችላል ብላ እንዳታምነው ነግሬያታለሁ።