ሽሮና በርበሬ ስታሽጉ ሌብሉ ላይ መሠራት የሌለባቸው ስህተቶች

አዳማ ላይ ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶ ወይም የለውዝ ቅቤ አሽጋችሁ ለሱፐርማርኬት የምታቀርቡ ከሆነ፣ ምርቱ ጥሩ ሆኖ ሳለ በሌብሉ ብቻ ሊመለስባችሁ ይችላል። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከወጣ ቆይቷል። ተቆጣጣሪ ፊት «ዲዛይነሩ ነው የጻፈው» ማለት አያዋጣም።

ከሁሉ የሚያናድደው የሌላን ሰው የንጥረ ምግብ ሠንጠረዥ መገልበጥ ነው። ዲዛይነሩ ከኢንተርኔት ወይም ከሌላ ፓኬት ላይ ያነሣዋል፣ እናንተ ታጸድቁታላችሁ፣ አምስት ሺህ ይታተማል። የእነሱ ሽሮ ባቄላ ነው፣ የእናንተ አተርና ሽምብራ፤ እነሱ ጨው አይጨምሩም፣ እናንተ ትጨምራላችሁ። ይህን ለመያዝ ላቦራቶሪ እንኳ አያስፈልግም፣ ካልኩሌተር ይበቃል። 1 ግራም ፕሮቲን 4 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል፣ ካርቦሃይድሬት 4፣ ስብ 9። በ100 ግራም ውስጥ 20 ግራም ፕሮቲን፣ 60 ግራም ካርቦሃይድሬትና 6 ግራም ስብ ካለ 80፣ 240 እና 54 ተደምሮ 374 ኪሎ ካሎሪ ይመጣል። ሠንጠረዡ ላይ 450 ከተጻፈ አንዱ ቁጥር ውሸት ነው። ፋይበርና ቁጥር ማጠጋጋት ትንሽ ልዩነት ያመጣሉ፤ 76 ግን አያመጡም። ፕሮቲኑ፣ ካርቦሃይድሬቱና ስቡ ተደምረው ከ100 ግራም የሚያልፉበት ሌብልም አይጠፋም! ስለዚህ የራሳችሁን ምርት አስመርምሩ። ናሙናው ጨውና ቅመሙ ገብቶ ካለቀለት ምርት ይወሰድ እንጂ ገና ከተፈጨው አተር አይሁን።

ጨውና ሶዲየምም ይምታታሉ። ሶዲየም በ2.5 ሲባዛ ነው ጨው የሚሆነው። በ100 ግራም በርበሬ ውስጥ 8 ግራም ጨው ካለ ሶዲየሙ 3,200 ሚሊ ግራም ነው፣ 8,000 አይደለም።

የግብዓቶቹ ቅደም ተከተል በክብደት ነው፤ ሲደባለቁ ሚዛን ላይ ብዙ የመዘነው ይቀድማል። ኮረሪማ ውድ ስለሆነ ከፊት አይሰለፍም። ሽሮው ውስጥ የገባው በርበሬ ራሱ ድብልቅ ስለሆነ፣ በኮዴክስ (ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ) መስፈርት ከምርቱ 5 በመቶና ከዚያ በላይ ሲይዝ በውስጡ ያሉት በቅንፍ ይዘረዘራሉ።

ለውዝ፣ ሰሊጥ፣ ወተት፣ እንቁላልና ስንዴ አለርጂ ስለሚያስነሡ በስማቸው ይጻፉ። «ልዩ ልዩ ጥራጥሬ» ብሎ ለውዝን መሸፈን ሰው ይገድላል፣ ማጋነን አይደለም። ጤፍን በተመለከተ ደግሞ፣ ጤፍ በተፈጥሮው ግሉተን (ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ፕሮቲን) የለውም፤ ያ ማለት ግን የእናንተ ዱቄት የለውም ማለት አይደለም። ስንዴና ገብስ በሚፈጭበት ወፍጮ ከወጣ ተቀላቅሏል። «ከግሉተን ነፃ» ለማለት የኮዴክስ ጣሪያ በኪሎ 20 ሚሊ ግራም ነው፤ የምርመራ ውጤት በእጃችሁ ሳይኖር አትጻፉት።

ብስኩቱ ላይ «የጾም» ከማለታችሁ በፊት የማርጋሪኑን ካርቶን ገልብጣችሁ አንብቡ። የወተት ዱቄት ወይም አጓት ያለበት አለ።

«ስኳር የለውም» የሚባለው በ100 ግራም ከ0.5 ግራም ያልበለጠ ስኳር ሲኖር ነው። ማር ያለበት የለውዝ ቅቤ ይህን አያሟላም። «ስኳር ያልተጨመረበት» ማለትም አይቻልም፣ ማር ራሱ የተጨመረ ስኳር ነውና። የሽፈራው ዱቄት ላይ «ለስኳር በሽታና ለደም ግፊት ፍቱን» ብሎ መጻፍማ ምግብን መድኃኒት ነው ብሎ መሸጥ ነው። ይህን አንከራከርበትም።

ቀን ላይ ችግሩ ሁለት አቆጣጠር ማደባለቅ ነው። «የተመረተበት 2018፣ የሚያበቃበት 2026» የሚል በሶ ስምንት ዓመት የሚቆይ ይመስላል። ኅዳር 1 ቀን 2018 የታሸገ የስድስት ወር ምርት የሚያበቃው ግንቦት 2018 ነው፤ በፈረንጆቹ ከጻፋችሁ ኖቬምበር 2025 እና ሜይ 2026። አንዱን ምረጡና ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ብላችሁ ለዩት። 03/05 አትጻፉ፣ የወሩን ስም ጻፉ። የቀኑን ማኅተም ፓኬቱ በሙቀት በሚታሸግበት መስመር ላይ አታሳርፉት፣ ቀልጦ ይበላሻል። ደንበኛው ቀድዶ የሚጥለው ጫፍ ላይም አይሁን። የበርበሬና የለውዝ ቅባት ቀለሙን ያነሣዋል፤ ስለዚህ ከመሙላታችሁ በፊት ባዶው ላስቲክ ላይ አትማችሁ በቅባት ጨርቅ ሞክሩት።

የተጣራ ክብደት ያለ ማሸጊያው ነው። 12 ግራም የሚመዝን ፓኬት አብሮ ከተመዘነ 500 ግራም ያላችሁት 488 ነው።

የአዳማ ሙቀት ቅባት ያለበትን ምርት ቶሎ ያሻግተዋል። የለውዝ ቅቤ ላይ የምትጽፉትን ጊዜ ቀዝቃዛ ከተማ ካለ አምራች አትዋሱ፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ባለው ሱቅ አቆይታችሁ በየወሩ እየከፈታችሁ ቅመሱና ወስኑ።

ፓኬቱ አንዱን የምርት ዙር ከሌላው የሚለይ የምርት ምድብ ቁጥር ይኑረው። ከሌለው፣ አንድ ጆንያ ሽምብራ ነቀዝ ሲገኝበት ከየሱቁ የምትሰበስቡት ሁሉንም ነው።

በመጨረሻ የሚመጣው ስህተት ግን በገንዘብ ሲታይ ከባዱ ነው፦ ጽሑፉ ሳይጸድቅ ላስቲኩ ላይ የሚያትመውን ሲሊንደር ማስቀረጽ። ሲሊንደር ከተቀረጸ አንዲት ቁጥር ማስተካከል አዲስ ማስቀረጽ ነው። የመጀመሪያዎቹን ዙሮች ጽሑፍ በሌለው ፓኬትና በስቲከር ሽጡ፤ ሲሊንደሩን የምርመራው ውጤትና ፈቃዱ ከመጣ በኋላ እዘዙ።