ለቀይ ቀበሮ የሚስማማ መሬት እንዴት ይለካል?

አንድ ቦታ ለዱር እንስሳ ምን ያህል እንደሚመች በቁጥር ማስቀመጥ ከባድ ሂሳብ አይፈልግም። የሚፈልገው እንስሳውን ማወቅ ነው። የባሌ ተራሮችን ቀይ ቀበሮ ይዘን እንሞክረው። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፤ የትኛው መሬት ቶሎ ጥበቃ እንደሚያስፈልገው መለየት ጊዜ አይሰጥም።

መጀመሪያ እንስሳው ያለ ምን መኖር እንደማይችል ጻፉ። ለቀይ ቀበሮ ሦስት ነገር ይበቃል፦ ገላጣ የውርጭ መሬት (አብዛኛውን ጊዜ ከ3,000 ሜትር በላይ)፣ አይጥና ፍልፈል፣ ከመንደርና ከከብት መራቅ። አሥር ነገር ከደረደራችሁ ዋናው ይዋጣል።

ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ከ0 (ፈጽሞ የማይመች) እስከ 1 (ሙሉ በሙሉ የሚመች) ነጥብ ስጡ። ከፍታው ካርታ ላይ አለ። ምግቡ ግን በእግር ካልሆነ አይለካም። 10 ሜትር በ10 ሜትር መሬት በሲባጎ ከልሉና የፍልፈል ጉድጓድ ቁጠሩ። ሁሉንም አትቁጠሩ። አፉ በእርጥብ አፈር የተደፈነው ባለቤት አለው፤ አፈሩ ደርቆ ሣር የበቀለበትን እለፉት። ቀበሮው ጆሮውን ቀስሮ ድርቅ ብሎ የሚጠብቀውም ፍልፈል ያለበት ጉድጓድ አጠገብ ነው።

አሁን ነጥቦቹን እርስ በርስ አባዙና ኪዩብ ሩቱን (ሦስት ጊዜ ተጽፎ እርስ በርስ ሲባዛ ብዜቱን የሚሰጠውን ቁጥር) አውጡ። ከፍታ 0.9፣ ምግብ 0.8፣ ከከብት መራቅ 0.3 ከሆነ ብዜቱ 0.216፣ ውጤቱ 0.6 ነው። ደምሮ ለ3 ማካፈል ይቀላል፤ ግን ያሳስታል። ምግብ 0 የሆነበት ቦታ፣ ሌሎቹ 1 ከሆኑ፣ በአማካይ 0.67 ያገኛል። ቀበሮው ግን እዚያ ሊኖር አይችልም። ብዜቱ 0 ይላል፤ ልክ ነው።

ውጤቱን በስፋቱ አባዙት። 200 ሄክታር በ0.6 ሲባዛ 120 ይሆናል፤ ሙሉ በሙሉ የሚመች 120 ሄክታር ያህል ነው ማለት ነው። ግጦሹ ቢቀንስና 0.3 ወደ 0.7 ቢወጣ ውጤቱ ወደ 0.8 ይጠጋል፤ 120ው 160 ገደማ ይደርሳል። ከአርብቶ አደሩ ጋር ስትነጋገሩ ይህን ይዛችሁ ቅረቡ።

ከዚያ ማለዳ ወጥታችሁ ቀበሮ ቁጠሩ። ዝቅተኛ ነጥብ የሰጣችሁት ቦታ ላይ ደጋግማችሁ ካያችሁ ነጥብ አሰጣጣችሁን አስተካክሉ።

አንድ ነገር ግን ይህ ሂሳብ አያሳይም። እ.ኤ.አ. በ2003 በባሌ ተራሮች ዌብ ሸለቆ የእብድ ውሻ በሽታ ብዙ ቀበሮዎችን ገደለ። መሬቱ ያው ነበር፤ ፍልፈሉም ነበረ። ስለዚህ ውሾቻቸው ያልተከተቡ መንደሮችን እዚያው ካርታ ላይ በቀይ አስፍሩ።