የቶንዶስ ቁስልና የሐኪም ሂሳብ፦ ለድሬ የውሻና የድመት ባለቤቶች

የድሬ ልጅ ነኝና «አንተ» እያልኩ ነው የምጽፈው። አባቴንም «አንተ» ነው የምለው። ቅር እንዳይልህ።

ሥራዬ ሂሳብ ነው። ሳቢያን ባለ አንድ የግል ድርጅት ደረሰኝ ስመዘግብ ነው የምውለው። ቤቴ ደግሞ ቦቢ የሚባል ፀጉረ ረጅም፣ ነጭ፣ ትንሽ ውሻ አለኝ። የድሬ ሙቀትና የቦቢ ፀጉር ስለማይስማሙ ሚያዝያ ሲገባ ይቆረጣል። ባለፈው የቆረጠው የሰፈራችን ፀጉር አስተካካይ ነበር፤ ቤት መጥቶ፣ በሰው ቶንዶስ። ከጆሮው ጀርባ የተቋጠረ ፀጉር እንዳለ ነግሬዋለሁ። «ችግር የለም» አለኝ። ቋጠሮው ጋ ሲደርስ ፀጉሩንም ቆዳውንም አብሮ ወሰደው። ቦቢ ዞሮ አውራ ጣቱን ነከሰው። በአንድ ጊዜ ሁለት በሽተኛ! ከዚያ ወዲህ ጎረቤቱ ሁሉ «ስንት ጨረሰብሽ? ማን ከፈለ?» ይለኛል።

ዋጋውን በብር አልጽፍም። የዛሬ ዋጋ ለከርሞ መሳቂያ ነው። ሂሳቡ ከምን ከምን እንደሚሠራ ካወቅክ ግን የሚጠሩልህ ቁጥር አያስደነግጥህም።

ከውሻው በፊት የተነከሰውን ሰው እይ። ጥርሱ ቆዳ ከበሳ ቦታው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ። ሰዓት ይዘህ ቁጠር፤ አምስት ደቂቃ እንኳን ሲጠበቅ ረጅም ነው። ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳኛ የለውም፤ በጊዜ የተወሰደ ክትባት ግን ያድናል። ጤና ጣቢያ መጀመሪያ የሚጠይቁህ ውሻው ተከትቧል ወይ ብለው ነው። የክትባት ካርድ ካለህ፣ ውሻውም ጤነኛ ሆኖ 10 ቀን በዓይን ከታየ፣ ነገሩ ይቀላል። ለተነከሰው ሰው ምን እንደሚያስፈልግ የሚወስነው ግን የጤና ባለሙያው ነው፤ አንተም እኔም አይደለንም። የቦቢ ካርድ ከትምህርት ማስረጃዬ ጋር አንድ ፌስታል ውስጥ ነው ያለው። በዓመት አንዴ የሚከፈለው የክትባት ብር ከዚህ ሁሉ ወጪ ትንሹ ነው።

አሁን ወደ ውሻው።

ሐኪም ያስፈልገዋል?

ይሄን ጥያቄ በትክክል ከመለስክ ግማሹን ሂሳብ ጨረስክ። ጥፍሩ በጣም አጥሮ ተቆርጦ ከደማ አብዛኛውን ጊዜ ሐኪም አይፈልግም። ጥፍር ውስጥ ደም ሥርና ነርቭ ስላለ ብዙ ይደማል፣ ውሻውም ይጮሃል፣ ቤቱ የበግ ዕርድ ያለበት ይመስላል። የበቆሎ ስታርች ወይም ዱቄት ጣቶችህ ላይ አድርገህ ጥፍሩን ጫን አድርገህ ያዝ። ደቂቃ በደቂቃ እያነሳህ አትይ። ቶንዶሱ ግሎ ቆዳውን አቅልቶት ከሆነም ቀዝቃዛ ውሃ ያስነካኸው ጨርቅ አድርግበትና እንዳይልሰው ጠብቅ። ቆዳው ካልተላጠና ካላዠ በቤት ያልፋል።

ቆዳው ተከፍቶ አፉን ከከፈተ፣ ከውስጥ ስብ ወይም ሥጋ ከታየህ፣ ወይም በንጹህ ጨርቅ አሥር ደቂቃ ጫን ብለህ ይዘኸው ደሙ ካልቆመ ግን ሂድ። ዓይን ላይ ወይም ዓይን አጠገብ ከሆነ ቁስሉ ትንሽም ቢሆን በዚያው ቀን ሂድ። ድዱ ነጣ ካለ ደግሞ ስለ ብር የምታስብበት ጊዜ አይደለም።

«ነገ ይታያል» ማለት ውድ ነው። ትኩስ ቁስል ታጥቦ በዚያው ሊሰፋ ይችላል። ውሎ ያደረ ቁስል ይቆሽሻል፤ ያኔ ሐኪሙ ከመስፋቱ በፊት የሞተውን ሥጋ ማንሳት ይኖርበታል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ሳይሰፋ ክፍት ትቶት በየቀኑ ማጠብ ይመጣል። ማደንዘዣው፣ መርፌው፣ ምልልሱ፣ ሁሉም ይጨምራል። ስለዚህ የዛሬው ሂሳብ ከነገው ያንሳል።

እስክትሄድ ድረስ ግማሽ ሊትር የፈላ ውሃ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምረህ አቀዝቅዘውና ቁስሉን በሱ እጠበው። ቡና አትነስንስበት። እናቶቻችን ለተቆረጠ ጣት የሚያደርጉት ነው፣ አውቃለሁ። ለውሻ ቁስል ስትነሰንሰው ግን ሐኪሙ እየለቀመ ሊያወጣው ነው። አልኮልም ይቅር፤ ያቃጥለዋል፣ ይነክስሃል። የሰው ማስታገሻ ከመሳቢያ አውጥተህ አትስጥ። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የውሻን ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳሉ። ፓራሲታሞል ድመትን ይገድላል፤ ግማሽ ፍሬም ይበቃል።

ድመት ካነሳሁ ሐረር ያለችው አክስቴ ትዝ ትለኛለች። ጀጎል ውስጥ ነው የምትኖረው። ድመቷን ካጠበች በኋላ ለቁንጫ ብላ የውሻ መድኃኒት ልትቀባት ስትል ነው የደረስኩት። ፐርሜትሪን ያለበት ለውሻ የተሠራ መድኃኒት ድመትን ያንቀጠቅጣታል፣ ሊገድላትም ይችላል። ነጭ ጋዝ መቀባትም እንደዚያው ነው፤ ቆዳ ያቃጥላል፣ ልሳው ስትውጠው ደግሞ ሌላ ጣጣ። የተቀባባትን እንስሳ በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙናና ለብ ባለ ውሃ አጥበህ የመድኃኒቱን ዕቃ ይዘህ ሐኪም ጋ ሩጥ። ዕቃው ካለ ሐኪሙ ሲገምት ጊዜ አያባክንም።

የት ትሄዳለህ፣ በምን?

የመንግሥት የእንስሳት ክሊኒክ አገልግሎቱ ርካሽ ነው። ግን ሲሠራ የሚውለው ለፍየል፣ ለላም፣ ለአህያና ለግመል ስለሆነ ለትንሽ ውሻ የሚሆን ዕቃ ላይኖረው ይችላል፤ መድኃኒቱንም «ከውጭ ግዛ» ይሉሃል። የግል የእንስሳት ሐኪም ቤትህ ድረስ ይመጣል፤ የሱ ሂሳብ መንገዱንም ይጨምራል። ጎዝ፣ ጓንት፣ ፕላስተርና የቁስል ማጠቢያ ሳላይን ከሰው ፋርማሲም ይገኛል፤ ሐኪሙን «ምን ገዝቼ ልጠብቅህ?» ብለህ በስልክ ጠይቀው። ዓይን ወይም አጥንት የመሰለ ከበድ ያለ ነገር ሲሆን ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ። ደንገጎን ወጥተህ በሐረር መንገድ ነው። ሳትደውል አትውጣ፤ ዳገቱን ወጥተህ በር ተዘግቶ ብታገኘው የኮንትራቱ ብር ብቻ ያሳብድሃል።

ስለ ባጃጅ አንድ ነገር። ውሻ የማይጭን ሹፌር ብዙ ነው፤ መብቱ ነው፣ ሃይማኖቱም ሊሆን ይችላል። አትጨቃጨቅ። ውሻውን ካርቶን ውስጥ በብርድ ልብስ ጠቅልለህ፣ ከሥሩ ማዳበሪያ አንጥፈህ፣ ቀድመህ ንገረውና ኮንትራት ያዝ። የምትችል ከሆነ ደግሞ በእኩለ ቀን አትጓዝ። የቆሰለ ውሻ በድሬ ፀሐይ ካርቶን ውስጥ ሲያለከልክ ሁለተኛ በሽታ መጨመር ነው።

ሐኪሙ ፊት ምን ትላለህ?

ሐኪሙ መርፌውን ከመያዙ በፊት «ዶክተር፣ ሁሉም ነገር ተደምሮ ስንት ይደርሳል?» በል። ይሄ ነውር አይደለም። ገንዘቡ የሚሄደው በአብዛኛው ለምርመራ፣ ለማደንዘዣ፣ ለስፌት፣ ለአንቲባዮቲክና ለክትትል ነው። ማደንዘዣና መድኃኒት በኪሎ ስለሚለካ የትልቅ ውሻ ሂሳብ ከቦቢ ይበልጣል። ቀጥለህ «ዛሬ የግድ የሆነው የትኛው ነው? የሚቆየውስ?» በል። ጥሩ ሐኪም ለይቶ ይነግርሃል። ከኪስህ በላይ ከሆነም በግልጽ ተናገር፤ ግማሹን ዛሬ፣ ግማሹን ክር በሚወጣበት ቀን የሚቀበል አይጠፋም።

የማይቀነስ ነገር አለ። ማደንዘዣን አትከራከርበት፤ ሕመም ላይ ያለ ውሻ ሳይደነዝዝ ቢሰፋ ለሱም ለሐኪሙም አደጋ ነው። የታዘዘውን አንቲባዮቲክም «ተሽሎታል» ብለህ መሐል ላይ አታቁም። የሚቀነሰው ሌላ ነው። ቁስሉን እንዳይልስ አንገቱ ላይ የሚደረገውን ቆብ እኔ ከአሮጌ የፕላስቲክ ባልዲ ሠራሁት። ቂጡን ቆርጬ፣ ጠርዙን በጨርቅ ጠቅልዬ፣ በአንገት ማሰሪያው አሰርኩት። ቦቢ ለሁለት ቀን አኮረፈኝ እንጂ ሠርቷል። ለክትትልም በየጊዜው ከመሄድ ይልቅ የቁስሉን ፎቶ በቴሌግራም ልልክልህ ወይ ብለህ ጠይቅ። ፎቶውን ቀን ቀን፣ በር ላይ፣ በተመሳሳይ ርቀት አንሳው።

ብሩ ከየት ይምጣ ላልከኝ፣ እድር ለቦቢ ድንኳን አይተክልም። እቁብ ግን ይረዳል፤ ዳኛውን አናግረህ ዕጣ የደረሰው ሰው እንዲቀይርህ መለመን የተለመደ ነው። ቴሌብር መላ የመሰለ የስልክ ብድርም አለ። ክፍያውንና የመመለሻ ቀኑን አንብበህ ግባ፤ ለሁለት ሳምንት ጉድለት ይሆናል፣ ልማድ ካደረግከው ግን ይበላሃል።

ማን ይክፈል?

ወደ ጎረቤቶቼ ጥያቄ መጣን። ራስህ ወይም ልጅህ ከቆረጣችሁት ጥያቄም የለውም፣ የቤት ወጪ ነው። ከፍለህ ያስቆረጥከው ሰው ከሆነ ግን የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ይካስ ይላል። ይሄን አንብበህ ደረትህን ከመንፋትህ በፊት አንቀጽ 2071ንም ተመልከት፤ እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው ይላል። በኛ ጉዳይ ፀጉር አስተካካዩ ልጅ የቦቢ ጆሮ አለበት፣ እኔ ደግሞ የልጁ ጣት አለብኝ።

ፍርድ ቤት ለዚህ የሚሄድ ሰው ሥራ ፈት ነው። ቡና አፍልቼ፣ ሁለታችንንም የሚያውቁ አንድ አባት ጠርቼ፣ ደረሰኞቹን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁ። ያለ ደረሰኝ ወሬ ነው የሚሆነው፤ ስለዚህ ቀን፣ የእንስሳው ስም፣ የተሠራው ነገር ተለይቶ የተጻፈበት ይሁን። ልጁ የመድኃኒቱን ሊከፍል ተስማማ፤ በየሳምንቱ በትንሽ በትንሹ። የሱን ሕክምናና የእኛን ስፌት እኔ ቻልኩ። «ሁሉን ይክፈል» ያሉኝ ጎረቤቶች ነበሩ። በቆረጠው ጭንቅላት ልክ ተከፍሎት የሚያድር ልጅ ነው፤ ሁሉን ብጭንበት ሱቁን ዘግቶ ይጠፋ ነበር፣ እኔም ምንም አላገኝም። አቦ፣ ሊከፈል የሚችል ዕዳ ነው ዕዳ።

ሌላ ሰው ልታስቆርጥ ካሰብክ ከመጀመሩ በፊት ሁለት ነገር ተነጋገሩ፦ ቢደማ ማን ይከፍላል፣ የተቋጠረውን ፀጉርስ ይነካል ወይስ ይተዋል? ቋጠሮ ሥር ቆዳው ተስቦ ወደ ላይ ስለሚነሳ መቀስ ፈጽሞ አይግባበት። በማበጠሪያ ከጫፉ ጀምሮ ይፈታ፤ እምቢ ካለ ይቅር።

የተሰፋ ክር ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ይወጣል። ክሩን ማውጣት በመጀመሪያው ክፍያ ውስጥ መኖሩን በዚያው ቀን ጠይቅና ደረሰኙ ላይ አስጽፍ። የቦቢ ተካቶ ስለነበር ያን ቀን የከፈልኩት የባጃጁን ብቻ ነው።